ውሃ ለምን ሁሌ መጨረሻ ላይ ይታሰባል?

ወገን፣ ዛሬ የሆዴን ልተንፍሰው። ሥራዬ ላንድክሩዘር መንዳት ነው። ቱሪስት ይዤ ዳሎልና ኤርታሌ እወርዳለሁ። ከጉዞ በፊት ድንኳኑ ይቆጠራል፣ ፍራሹ ይቆጠራል፣ ናፍጣው ጢም ተደርጎ ይሞላል። ውሃ ሲባል ግን «ጥቂት ጀሪካን ጣል አድርግበት» ነው መልሱ። ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ በሚያልፍበት በረሃ ውሃ ጣል የሚደረግ ነገር ነው እንዴ?

ሂሳቡ እኮ ከባድ አይደለም። 4 ቱሪስት፣ ሹፌርና አስጎብኚ፣ አንድ መኪና ውስጥ 6 ሰው አለ። ለመጠጥ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ብንይዝ ለ3 ቀን 90 ሊትር ይሆናል። ማብሰያው፣ ዕቃ ማጠቢያው፣ ራዲያተሩ ገና አልተነካም። መንገድ ዳር ባዶ ሃይላንድ ይዘው እጃቸውን የሚያወዛውዙት የአፋር ልጆችም አልታሰቡም። እነሱን አልፎ መሄድ እኔ አይሆንልኝም። እዚያው እንቀዳለን እንዳትሉ፣ የአፍዴራም የአሳሌም ሐይቅ ጨው ነው።

አጫጫኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን አሥር አድርገህ ጣሪያ ላይ ስትደረድር 2 ኩንታል አናት ላይ ሰቀልክ ማለት ነው። መኪናው የኤርታሌ ጥቁር ድንጋይ ላይ ሲያጋድል ምን እንደሚሰማ መሪ የያዘ ሰው ያውቀዋል። የጎደለ ጀሪካንማ ይብሳል፤ ውሃው ውስጡ እየተላጋ ገመዱን ያላላዋል። የውሃ ቦታ ታች ነው፤ ከወንበሩ ጀርባ፣ ወለሉ ላይ፣ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ። ይህን ስናገር «እዚያ የእንግዳ ሻንጣ ይቀመጣል» ይሉኛል። ሻንጣው ይውጣ ጣሪያ ላይ! ልብስ ቀላል ነው፣ ሸራ ይልበስና ይሂድ።

ጀሪካኑን ብታዩት ደግሞ ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል ተወትፏል። ትናንት ናፍጣ የያዘው ዛሬ ውሃ ይቀዳበታል። ሁሉም ቢጫ ነው፣ በጨለማ ማን ይለየዋል? አንድ ጉዞ ላይ ምግብ አብሳያችን ሳይነጋ ተነስቶ ሻይ አፈላ። ብርጭቆው ላይ ዘይቱ ቀለም እየቀያየረ ይንሳፈፋል፣ ሽታው ናፍጣ ነው። አንዲት እንግዳ ምንም ሳትናገር ብርጭቆዋን መሬት አስቀመጠች። እኔ በእሷ ቦታ ሆኜ ሳስበው እስካሁን ያመኛል። ለናፍጣ የብረት ጀሪካን፣ ለውሃ ነጭ ፕላስቲክ መግዛት ስንት ያወጣል?

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ውሃውን በሙሉ የምግብ መኪናው ላይ መጫን ነው። ያ መኪና ከሁሉም ከባድ ስለሆነ አሸዋ ቀድሞ የሚውጠው እሱን ነው። አንዴ ኋላ ቀርቶ ሲይዘው እኛ ፊት ደርሰናል፤ ኔትወርክ የለም፣ እጃችን ላይ ያለው የተጋመሰ ሃይላንድ ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ እንግዳ ራሱን ይዞ መኪናው ጥላ ሥር ተኛ። የምግብ መኪናው የደረሰው ከመሸ ነው። ተመልሰን ቢሮ ስናገር የተሰጠኝ መልስ «ታዲያ ማን ምን ሆነ?» የሚል ነው።

ሰው እስኪወድቅ መጠበቅ አለብን? እያንዳንዱ መኪና የራሱን ውሃ ይያዝ። ከእንግዲህ ጀሪካኖቼን በእጄ ቆጥሬ፣ ክዳናቸውን አጥብቄ፣ አሽትቼ ሳልጭን ቁልፍ አላዞርም። ቢሮው ከፈለገ ሌላ ሹፌር ይፈልግ።