ዱላ የያዘ ሊቅ አይሳሳትም

በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖር ሰው ብዙ ነገር ይጎድልበታል፤ የእባብ ሊቅ ግን አይጎድልበትም። ውኃ በፈረቃ ነው፣ መብራት በዕድል ነው፣ ባጃጅ ከመሸ በልመና ነው። በኮዬ ፈጬም ይሁን በለገጣፎ፣ በሱሉልታም ይሁን በሰበታ፣ አንዲት እናት ከጓሮዋ «ኧረ እባብ!» ብላ አንዴ ትጩኽ እንጂ፣ ነጠላዋን ሳታስተካክል አሥራ አምስት ሊቅ ከነዱላው፣ ከነአካፋው፣ ከነድንጋዩ ግቢዋ ውስጥ ይገኛል። ይህ ፍጥነት ለአምቡላንስ ቢሰጠው ኖሮ... ተዉት። የዛሬው ጽሑፍ ለምስጋና ነው።

አስቀድመን ልኬታቸውን እናመስግን። ከጎመን ሥር የወጣው እባብ ሲገደል ሁለት ስንዝር ነበር። ሱቅ ደጃፍ ሲደርስ ሁለት ክንድ ሆነ። ታክሲ ተራ ላይ ሦስት ሜትር ሞላ። ማታ እራት ሲቀርብ «ዘንዶ ነበር እኮ፤ ጥጃ ይውጣል!» ተባለ። እባብ ዕድሜውን ሙሉ ቀስ እያለ እንደሚያድግ መጻሕፍት ይናገራሉ፤ ከሞተ በኋላም እንደሚያድግ የደረሰበት ግን የእኛ ሰፈር ነው። ዘንዶ የቆላ ፍጥረት መሆኑን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ደጋ የዋጠውን መፍጨት ቀርቶ መንቀሳቀስ እንደሚያቅተው ለሊቅ መንገር ድፍረት ነው። አጥር ሥር የተገኘ የተጣለ ቆዳም እንደ ማስረጃ በሜትር ይለካል። እባብ ቆዳውን የሚያወልቀው ከአፉ ጀምሮ እንደ ካልሲ እየገለበጠ ነው፤ ቆዳውም ሲወልቅ ስለሚለጠጥ ከባለቤቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ሊረዝም ይችላል። የእኛ ሊቅ ካልሲውን ለክቶ የባለቤቱን ቁመት ይነግራችኋል፤ ሲደመር ሁለት ሜትር፣ ለአክብሮት።

ሟቹ ማን ነበር? ይህን የሚጠይቅ ሰው ሰፈሩን አያውቅም ማለት ነው። በደጋው ሣርና ጓሮ ውስጥ ቀንድ አውጣና ቅርፊት የሌለውን ዘመዱን ብቻ እየበላ የሚኖር ትንሽ እባብ አለ። ቀንድ አውጣው መሬት ላይ ጥሎት የሚሄደውን ዝልግልግ ፈለግ በምላሱ እያሸተተ ይከተለዋል። ሲያስፈራሩት ጭንቅላቱን ደብቆ ይጠቀለላል እንጂ ሰው መንከስ አይሆንለትም። ጎመኑን በሌሊት ወንፊት የሚያደርገው ቀንድ አውጣው ነው፤ ቀንድ አውጣውን የሚበላው እባቡ ነው፤ በዱላ የሚመታው እባቡ ነው። በማግስቱ ጎመኑ ሲበሳሳ ሊቁ «ቡዳ በልቶት ነው» ይሉና አዲስ ጉባኤ ይከፈታል።

የቋንቋ ሊቅነታቸውም አይረሳም። ንብ ትነድፋለች፣ ጊንጥ ይነድፋል፤ እባብም «ነደፈው» እስከተባለ ድረስ መንደፊያ ሊኖረው ግድ ነው። ስለዚህ ያ ሁለት ጫፍ ያለው ምላሱ መንደፊያ ሆነ። ምላሱ አየሩን መቃኛ መሆኑ፣ ሁለቱ ጫፎች ከቀኝና ከግራ የለቀሙትን ሽታ ላንቃው ላይ ላለ የማሽተቻ ብልት ማቀበላቸው፣ መርዝ የሚገባው ግን በጥርስ መሆኑ ዝርዝር ነው። ሊቅ በዝርዝር አይያዝም። ምላሱን ካየ ይመታል።

ከብት ላይ ደግሞ የሱሉልታና የሰንዳፋ ሊቃውንት ወደር የላቸውም። ላሚቱ ትናንት ስምንት ሊትር ታልባ ዛሬ አምስት ከሆነ፣ ሌሊት እባብ ጠብቷታል። ሒሳቡን ብንሠራው፦ አንድ ሜትር የሚሆን የቤት እባብ ከግማሽ ኪሎ ብዙም አያልፍም። የጎደለው ወተት ሦስት ኪሎ ነው። እባቡ የራሱን ክብደት ስድስት እጥፍ ጠጥቶ በበሩ ሥር ሾልኮ ወጥቷል ማለት ነው። ለዚያውም ለመጥባት የሚሆን ከንፈር ሳይኖረው፣ ወደ ኋላ በታጠፉ ጥርሶች ጡቷን ይዞ፣ ላሚቱም ሳትራገጥ! እንዲህ ያለች ትዕግሥተኛ ላም ለሽልማት መቅረብ ነበረባት። ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያውን ወተት ሦስት አራት ጊዜ በጥቁር ሳህን ላይ አልቦ፣ ጓል ወይም ውኃ መሳይ ነገር መኖሩን አይቶ፣ ጡቱ ማበጡንና መጋሉን ዳሶ የጡት በሽታ መሆኑን የሚለይ የእንስሳት ሐኪም አለ። ግን ሐኪም ገንዘብ ይጠይቃል። ሊቁ በነጻ ነው።

ስለ እፉኝት ሲነሳ ሁሉም ጸጥ ይላል። «ስትፀነስ አባቷን፣ ስትወለድ እናቷን ትገድላለች» ይባላልና፣ ለስድብም ለስብከትም የተመቸች ፍጥረት ናት። በእርግጥ እፉኝት እንቁላል አትጥልም፤ ነፍስ ያላቸው ልጆች ትወልዳለች። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40፤ ከኬንያ የተወሰደች አንዲት እፉኝት በቼክ አገር መካነ አራዊት 156 ወልዳለች። እናቲቱም እንደ ማንኛዋም አራስ ደክሟት ትተኛለች እንጂ ሆዷ አይቀደድም። ሊቃውንቱ ሊነግሩን የረሱት ሌላው ጠባይዋ ነው፦ ሰው ሲመጣ አትሸሽም። ቀለሟን ተማምና ደረቅ ቅጠል መስላ ዝም ትላለች፤ ብዙ ጊዜ የምትነክሰውም የረገጣትን ነው። ማታ ወደ ጓሮ መጸዳጃ ሲኬድ ባትሪና ሽፍን ጫማ የሚባል መድኃኒት አለ። ነገር ግን በነጠላ ጫማ፣ በጨለማ፣ ስልክ እያወሩ መሄድ የጀግና ወግ ስለሆነ አንነካውም።

እስስትንም በአንድ ዓረፍተ ነገር እናንሳ፦ ጠዋት ሲበርደው ፀሐይ ለመሳብ ይጠቁራል፣ ሲቆጣ ይደምቃል፣ ዝንብ ይበላል፣ መርዝም የለውም። ቀለም ቀየረ ተብሎ በድንጋይ የሚወገረው እሱ ብቻ መሆኑ ግን ይገርማል፤ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ያየናቸው ሁሉ በሰላም ቤታቸው ገብተዋል።

ከእነዚህ ሊቃውንት ጋር ሲነጻጸሩ እባብ የሚያሳድጉ ሰዎች እንዴት ያሳዝናሉ! ምስኪኖቹ ሕይወታቸውን በቴርሞሜትር ይፈጃሉ። የሣጥኑ አንድ ጫፍ ከ30 እስከ 32 ዲግሪ፣ ሌላው ከ24 እስከ 26፤ እባቡ የራሱን ሙቀት ስለማያመነጭ በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ ራሱን ያስተካክላል። ማሞቂያው መቆጣጠሪያ ከሌለው እባቡ ሆዱ እየተቃጠለ እንኳ ላይነሳ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥኑ ውስጥ ያስገባሉ። ከበረደው የበላው አይፈጭም፤ ሆዱ ውስጥ ይበሰብስና ያስመልሰዋል። ምግቡ ከእባቡ ወፍራም ቦታ የማይበልጥ አይጥ ነው፤ ለትንሹ በሳምንት አንዴ፣ ለትልቁ በአሥር ወይም በአሥራ አራት ቀን አንዴ። ከበላ በኋላ 48 ሰዓት አይነኩትም። ዓይኑ ሰማያዊ ደመና ሲለብስም አይነኩትም፤ ቆዳውን ሊቀይር ነው፣ አጥርቶ አያይም፣ ይበሳጫል። ቆዳው ከወለቀ በኋላ የዓይኑ ሽፋን አብሮ መውጣቱን ያጣራሉ፤ እባብ የሚከደን ቆብ የለውም፣ ዓይኑን የሚሸፍነው መስታወት መሳይ ቅርፊት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ፊት ሊቁ ይቆሙና «ጥርሱን አውልቀህለት ነው አይደል?» ይላሉ።

«አይ ጋሼ፣ መጀመሪያውኑም መርዝ የለውም። ያለውም ቢሆን ጥርሱ ቢወልቅ ሌላ ይተካል።»

«ታዲያ በቀን ስንት ዶሮ ይበላል?»

«በሁለት ሳምንት አንድ አይጥ።»

«ይወድሃል?»

«ይለምደኛል እንጂ አይወደኝም። የሚፈልገው የእጄን ሙቀት ነው።»

እዚህ ላይ ሊቁ ፈገግ ይላሉ። ቲክቶክ ላይ ያዩት ነገር አለ፤ አንዲት ሴት አልጋ ላይ ዘንዶዋ በቁመቷ ልክ እየተዘረጋ ይተኛ ነበር፣ ለካ ሊውጣት እየለካት ነው! እባብ ሜትር ይዞ አያድንም፤ አድፍጦ ወይም ፈልጎ ያገኘውን ይነክሳል፤ ለካሁ ብሎ ሳምንት አይጠብቅም። ግን ከቲክቶክ ጋር ማን ይከራከራል? «እግዜር የእባብን ልብ አይቶ እግር ነሳው» ይላሉ ጋሼ፤ ክርክሩም በዚሁ ይዘጋል።

አሁን ወደ ዋናው ሙያቸው እንምጣ። ሰው ሲነከስ ሊቃውንቱ በአራት ቡድን ይከፈላሉ። አንደኛው ከነጠላ ጥለት ቀዶ ከቁስሉ በላይ ያስራል፤ እግሩ እስኪጠቁር። ሁለተኛው በምላጭ ይበጣል። ሦስተኛው ቁስሉን በአፉ ይመጥጣል። አራተኛው ከአያቱ የወረሰውን ጥቁር ድንጋይ ይለጥፋል፤ ድንጋዩ ደም ሲነካው ይጣበቃል፣ ይህም መርዝ እየጠጣ ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው፤ ማንኛውም ደረቅና ቀዳዳ የበዛበት ነገር እርጥበት ላይ እንደሚጣበቅ አይነሳም። አራቱ በየተራ ሲሠሩ አንድ ሰዓት ያልፋል። መርዙ በዚያ ሰዓት ውስጥ ሥራውን ይሠራል። የእፉኝት መርዝ ሥጋን የሚገድል ስለሆነ፣ በጥብቅ የታሰረ እግር መርዙን በአንድ ቦታ አከማችቶ ደም ይከለከላል፤ ሲፈታም የታገደው ባንድ ጊዜ ይለቀቃል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርዝ ከሆነ ደግሞ የምላጩ ቁስል አልቆም ይላል።

የሐኪሞች ምክር እንዴት አሰልቺ እንደሆነ እዩት። ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባርና ጠባብ ጫማ ሳያብጥ በፊት አውልቁ። የተነከሰውን እግር ወይም እጅ እንደተሰበረ አጥንት በእንጨት ደግፋችሁ፣ ሳታጠብቁ ጠቅልሉ። ተጎጂው አይራመድ፤ ተሸከሙት፣ ባጃጅ ጥሩ። የተነከሰበትን ሰዓት ጻፉ። ቢያስመልሰው እንዳይታነቅ በጎኑ አስተኙት። እባቡን አትከታተሉ፤ ከሩቅ ፎቶ ከተገኘ ይበቃል። ጭንቅላቱ ከተቆረጠ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ በነርቭ ብቻ ሊነክስ ይችላልና፣ በፌስታል ይዞ ሐኪም ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ሁለተኛ በሽተኛ ማምጣት ነው። ሆስፒታል ሲደረስም ነገሩ ትርኢት የለውም፦ 2 ሚሊ ሊትር ደም በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ይቀዳል፣ 20 ደቂቃ ሳይነቀነቅ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይዘነበላል። ካልረጋ መርዙ ደሙን ነክቶታል። ቱቦው ፕላስቲክ ከሆነ ውጤቱ ይሳሳታል። የመርዝ ማርከሻው በደም ሥር ይሰጣል፤ ለሕፃንም ለአዋቂም መጠኑ አንድ ነው፣ እባቡ ለሕፃን ብሎ መርዝ አይቀንስምና። ማርከሻው ራሱ ሰውነትን ሊያስቆጣ ስለሚችልም አድሬናሊን በቅርብ ይቀመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. የእባብ ንክሻን ችላ ከተባሉ በሽታዎች ተርታ አስገብቶ፣ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው እንደሚሞትበት ገምቷል። ሊቃውንቱ ስላልተጠየቁ ነው እንጂ ድንጋዩን ያውሱት ነበር።

እባቡ ከተገደለ በኋላ ጥበቃው ይጀምራል። «ሚስቱ ትበቀላለች» ይባልና በግቢው ዙሪያ ጋዝ ይረጫል፣ ነጭ ሽንኩርት ይበተናል፣ አሮጌ ጎማ ይቃጠላል። እባብ ግን ትዳር የለውም፣ ፊትም አያስታውስም። ነጭ ሽንኩርቱም እባቡን አይመልስም፤ ወጡን ግን ያሳጣል። ጋዙ ወደ ጉድጓድ ውኃው ይሰርጋል፤ የጎማው ጢስ ጎረቤት ያሉትን አስም ያለባቸውን እትዬ ለሦስት ቀን ያስላል። ከአጥሩ ሥር ያለው ክፍተቱ የበዛ ካብ አይደፈንም። መሬት ላይ የተከመረው ማገዶ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ቆጥ ላይ አይቀመጥም። የዶሮ መኖው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አይገባም፤ ማዳበሪያው እንደተቀደደ ይቆያል። በበሩ ሥር ጣት የሚያስገባው ክፍተት ጎማ አይመታበትም፤ የውኃ መውረጃው ቀዳዳ ስድስት ሚሊ ሜትር በሆነ ሽቦ ወንፊት አይሸፈንም። አንዳንድ ሰነፎች እባብ ቤት ሲገባ ልጆቹን አስወጥተው፣ ከቁመቱ በላይ ርቀው ቆመው፣ ባልዲ በጎኑ አጋድመው በረጅም መጥረጊያ ቀስ ብለው ወደ ባልዲው ይገፉታል ይባላል። ምን ዓይነት ወንድነት ነው?

እባቡ የመጣው ለአይጥ ነበር። አይጥ ሦስት ሳምንት ገደማ አርግዛ ከስድስት እስከ አሥር ትወልዳለች፤ ልጆቿም በሁለት ሦስት ወር ለወግ ይበቃሉ። ዘንድሮ አይጡ የጤፍ ጆንያ በስቶ፣ የመብራት ሽቦ ቆርጥሞ፣ የሁለት ልጆች ደብተር በልቷል። ሊቃውንቱ በዚህ ጉዳይ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባሉ። ለአይጥ መርዝ መግዣ የሚዋጣው በየቤቱ መቶ ብር ነው፤ ደረሰኝ የለውም።