ፕሮሰሰሩ ምን በደለ?

ሦስት ሌሊት ከዚህ ኮምፒውተር ጋር ተፋጥጬ አደርኩ። ማብሪያውን ስጫን ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጭልም እንዳለ ነው። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ገና ሳያየው «ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል፣ ቀይረው» ይለኛል። በምን አወቃችሁ? ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩ ዋና አሳቢ ቺፕ፣ እኮ እምብዛም ከማይበላሹት ክፍሎች አንዱ ነው! ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ «ሲፒዩ»፣ ማለትም ፕሮሰሰር፣ የሚለው ትንሽ መብራት በርቶ ቢቀር እንኳ ማሽኑ ሲነሳ ራሱን የሚፈትሽበት ሂደት እዚያ ቆመ ማለት እንጂ ፕሮሰሰሩ ሞተ ማለት አይደለም። ባለ 8 ፒን የኃይል ገመዱ በደንብ ካልገባ ያው መብራት ሊበራ ይችላል። ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አሮጌ ሆኖ አዲሱን ፕሮሰሰር ካላወቀውም፣ ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ውስጥ አንዲት ፒን ከጎበጠችም እንዲሁ።

ማሽኑ ችግር ሲያገኝ የሚያሰማው የጩኸት ምልክት ደግሞ ሌላው የሚያንገበግበኝ ነገር ነው። እያንዳንዱ አምራች የራሱ ትርጉም አለው፤ አንዱ ጋ የራም (የጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ችግር የሆነው ሌላው ጋ የግራፊክስ ካርድ (ምስል ወደ ስክሪን የሚልከው ክፍል) ችግር ነው። አሁን አሁንማ ብዙዎቹ ማዘርቦርዶች ስፒከር እንኳ የላቸውም። ማሽኑ የት ላይ እንደቆመ ያውቃል፣ ታዲያ ለምን በግልጽ አይነግረኝም?

በመጨረሻ ከኃይል ነቅዬ፣ የባዮሱን ቅንብር የምታቆየውን የሲሞስ ባትሪ አውጥቼ መለስኩ፤ ከራሞቹም አንዷን ብቻ ሰካሁ። ተነሳ! ባዮስ ውስጥ ገብቼ ሳይ የፕሮሰሰሩ ስም በትክክል ተጽፏል፣ ሙቀቱም 38 ዲግሪ ነው። ይህን ጤነኛ ፕሮሰሰር ነበር አውጥተህ ጣል ያሉኝ።