ድልድዩን አፈር አታልብሱት

ሥራ ያቆመ የባቡር ድልድይ መናፈሻ ይሁን የሚል ሐሳብ በተነሳ ቁጥር አብሮት የሚመጣ ክርክር አለ። «ባቡር የተሸከመ ድልድይ ሰውና አበባ ሊከብደው ነው?» ይባላል። ጥያቄው ሲሰሙት መልስ የሚያሻው አይመስልም። ሲያሰሉት ግን መልሱ «አዎ፣ ሊከብደው ይችላል» ነው።

ውሃ የጠገበ ተራ የአትክልት አፈር በሜትር ኩብ 1,900 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 30 ሳንቲሜትር ብቻ ቢነጠፍ በካሬ ሜትር 570 ኪሎ ማለት ነው። መሐንዲሶች ለተጨናነቀ ሕዝብ የሚይዙት ሒሳብ በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ገደማ ነው፤ 15 ሳንቲሜትር የኮንክሪት ወለል ደግሞ ሌላ 360 ኪሎ ይጨምራል። ድልድዩ 5 ሜትር ስፋት ካለው፣ ሦስቱ ተደምረው በያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ከ7 ቶን በላይ ይሆናሉ። በአውሮፓ መመዘኛ ዛሬ ለባቡር ድልድይ የሚያዘው የተዘረጋ ጭነት፣ የሎኮሞቲቭ አክስል ሳይቆጠር፣ በሜትር 8 ቶን አካባቢ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ ደግሞ ከዚህ ለቀለለ ባቡር የታሰቡ ናቸው። እርግጥ ሐዲዱና ጠጠሩ ሲነሳ ድልድዩ ይቀለዋል፤ 30 ሳንቲሜትር ጠጠር በካሬ ሜትር 500 ኪሎ ያህል ነው። ነገር ግን ሁሉም ድልድይ ጠጠር የለውም። በብዙ የብረት ድልድዮች ላይ ሐዲዱ የሚተኛባቸው እንጨቶች በቀጥታ ተሸካሚው ብረት ላይ ተጋድመው በመካከላቸው ወንዙ ቁልቁል ይታያል። እዚያ የሚነሳ ጠጠር የለም፤ ወለሉም ከባዶ ነው የሚጀመረው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባቡር መጥቶ ያልፋል፤ አፈር ከተጫነ በኋላ የትም አይሄድም።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ዋናዎቹ ተሸካሚዎች የተቀመጡት ሐዲዱን ተከትለው ነው። ከዚያ ወደ ውጭ የወጣው ጠርዝ ግን ብዙ ጊዜ ሐዲድ ፈታሹ ባቡር ሲመጣበት ጥግ እንዲይዝ የተቀጠለ ነው፤ የታሰበው ለአንድና ለሁለት ሰው ነበር። መናፈሻ ሲሆን ሕዝቡ ቁልቁል ለማየት ተሰብስቦ የሚደገፈው እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ርችት ወይም የጀልባ ውድድር ባለበት ቀን ድልድዩ በአንድ ጎኑ ብቻ ይጫናል።

ስለዚህ የአትክልት ንድፍ አውጪ ከመጠራቱ በፊት መያዝ ያለበት አቋም አንድ ነው፤ መናፈሻው ስስ ይሁን፣ የሚነሳም ይሁን። ብረቱን የሚቀብር መናፈሻ ብረቱን ከፈታሽ ዓይን ይሰውራል፣ ያልታየ ዝገት ደግሞ ሥራውን አያቆምም።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የሚገኘው የኪንዙዋ ድልድይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በብረት ተሠርቶ በ1900 እንደገና በአረብ ብረት ተተካ። ማማዎቹ አዲስ ሲሆኑ ከመሠረቱ ጋር ያያያዟቸው የ1882ቱ ቦልቶች ግን እንዳሉ ቀሩ። በ2003 ጥገና እየተካሄደለት ሳለ አውሎ ነፋስ መታውና ከ20 ማማዎች 11ዱን ጣላቸው። ምርመራው እንዳሳየው ደካማው ቦታ ከሥር ያሉት የዛጉ ማያያዣዎች ነበሩ። የተረፈው ክፍል በ2011 የእግር መንገድ ሆኖ ለሕዝብ ተከፍቷል። ከላይ የሚታየው ቀለም ደህና ስለሆነ ብቻ ድልድዩ ደህና ነው የሚል ሰው ይህን ያስታውስ።

ምርመራው ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቆሻሻው፣ የወፍ ኩሱና የበቀለው ሁሉ ይጠረጋል፤ ያልጸዳ ብረት ተመረመረ አይባልም። ቀጥሎ ሪቬቶቹ (ላሜራዎቹን ያጣበቁት የብረት ምስማሮች) አንድ በአንድ በመዶሻ ይመታሉ፤ የላላው ድምፁ የደነዘዘ ነው፣ ዙሪያውንም ቀይ ዝገት ያነባል። የላሜራው ውፍረት በአልትራሳውንድ መሣሪያ ይለካል፣ ልኬቱም ከድሮው ንድፍ ጋር ይነጻጸራል። ሁለት ላሜራዎች ተጣብቀው በተሠሩበት ቦታ በመካከላቸው የገባው ዝገት እያበጠ ላሜራውን እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገልጠዋል፤ ይህ ከተገኘ ቀለም መቀባት ማታለል ነው። ድልድዩ የሚያርፍባቸው መቀመጫዎች ይፈተሻሉ። 30 ሜትር የሆነ ብረት በብርድና በሙቀት መካከል የ40 ዲግሪ ልዩነት ቢያገኘው 14 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ መቀመጫው ዝጎ ከተያዘ ያ ግፊት የምሰሶውን ራስ ይሰነጥቃል። ውሃ ውስጥ ለቆመ ምሰሶ ደግሞ ጎርፉ መሠረቱን ሸርሽሮት እንደሆነ ለማየት ጠላቂ ይላካል። አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ አለ። የጥንቱ ብረት ሰልፈርና ፎስፈረስ ስለሚበዛበት ብየዳ ብዙ ጊዜ አይቀበልም፣ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። ናሙና ተቆርጦ ሳይመረመር ብየዳ ማስነካት አያስፈልግም፤ የተበላው ክፍል አዲስ ላሜራ ለብሶ በቦልት ይታሰር።

ከዚያ የሚመጣው ውሃ ነው። ድልድይ ላይ የሚሠራ መናፈሻ ከተበላሸ በአብዛኛው የሚበላሸው በውሃ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። 500 ካሬ ሜትር በሆነ ወለል ላይ 50 ሚሊሜትር ዝናብ ሲዘንብ 25,000 ሊትር፣ ማለትም 25 ቶን ውሃ ይወርዳል። ወለሉ በመቶ ሜትር ቢያንስ ሁለት ሜትር ይዘቅዝቅ፤ ከዚህ ካነሰ ኮንክሪቱ ሲሠራ የሚፈጠረው ትንሽ መጉበጥ ብቻ ውሃውን ያቁረዋል። በምሰሶና በምሰሶ መካከል ላለው ለያንዳንዱ ክፍል ከአንድ ይልቅ ሁለት መውረጃ ይደረግ፤ አንዱ በቅጠል መዘጋቱ አይቀርምና። በያንዳንዱ ላይ በእጅ የሚነሳ ክዳን ይኑር። መውረጃውን በአፈር ሸፍኖ «ጨርቅ አጥልቀንበታል» ማለት የተለመደ ስህተት ነው፤ ማጥለያውም በደቃቅ አፈር ይደፈናል። የቱቦው ጫፍ ከተሸካሚው ብረት ግርጌ 15 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይጨርስ፤ አለዚያ ንፋስ ሲነፍስ ውሃው ተመልሶ ብረቱን ያጥባል።

ውሃ የማያሳልፈው ሽፋን ከተነጠፈ በኋላ መውረጃዎቹ ተዘግተው 5 ሳንቲሜትር ውሃ ይሞላ፣ ለ48 ሰዓት ይቆይ፣ ከሥር ሆኖም ይታይ። ይህ ፈተና የሚዘለለው ሁልጊዜ የምረቃው ቀን ስለደረሰ ነው። ተፈትኖ ያለፈ ሽፋንም ቢሆን በማግስቱ ጋሪ የሚገፉ ሠራተኞች ሄደውበት ይበሳል፤ ፈተናው እንዳበቃ ወዲያው መከላከያ ንጣፍ ይልበስ። ብረቱ የሚለጠጥባቸው ክፍተቶች በምንም አይሞሉ፣ የአትክልት ሣጥንም በላያቸው አይለፍ። ዋና ተሸካሚዎቹ በግራና በቀኝ እንደ ግድግዳ ወደ ላይ የቆሙ ድልድዮች አሉ። እዚያ አፈሩን ከብረቱ ጋር ማስጠጋት ቀላሉ ሥራ ነው፣ ድልድዩን ቶሎ የሚገድለውም እሱ ነው። በብረቱና በማንኛውም ተክል መካከል ሰው ገብቶ የሚያጸዳበት 60 ሳንቲሜትር ይተው።

ተክሉን የሚሸከመው ሣጥን ይሁን። 1 ሜትር በ1.2 ሜትር የሆነ፣ 40 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ሣጥን በቀላል አፈር (በእሳተ ገሞራ ጠጠርና በብስባሽ ድብልቅ) ቢሞላ፣ ርሶም ቢሆን 600 ኪሎ ገደማ ነው፤ በአነስተኛ ክሬን ይነሳል። እግሮቹ ከወለሉ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ካደረጉት ውሃው ከሥሩ ያልፋል፣ ፈታሹም ጎንበስ ብሎ ያያል። ድልድይ ላይ ነፋሱ ከላይም ከታችም ስለሚመታ አፈሩ ከመሬቱ አፈር ይልቅ ቶሎ ይደርቃል፤ የጠብታ መስኖ ያልተዘረጋለት ሣጥን በመጀመሪያው በጋ ባዶ ይሆናል። ሾላና ቀርከሃን የመሰሉ ሥሮቻቸው ስንጥቅ የሚፈልጉ ተክሎች ከዝርዝሩ ይውጡ።

«ታዲያ ጥላ የሌለው መናፈሻ ምኑን መናፈሻ ሆነ?» የሚሉ አሉ፤ ቅሬታቸውም እውነት አለው። ለዛፍ አንድ ሜትር ያህል አፈር ያስፈልጋል፣ ያም በካሬ ሜትር ወደ 2 ቶን ይጠጋል። ስለዚህ ዛፍ ከተፈለገ ቦታው በቀጥታ ከምሰሶ ራስ በላይ ነው፤ በሁለት ምሰሶዎች መካከል መሐል ላይ ፈጽሞ አይሆንም። በቀረው ርዝመት ሽቦ ላይ የሚወጣ ሐረግ ያለ ብዙ አፈር ጥላ ይሰጣል። በኒውዮርክ በቀድሞ የባቡር ድልድይ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በየክፍሉ የተከፈተው የሃይላይን መናፈሻ ሳርና ቁጥቋጦን መርጦ ወለሉን በኮንክሪት ጣውላዎች ሠርቷል፤ በጣውላዎቹ መካከል በተተወው ክፍተት ውሃው ወደ ተክሉ ይወርዳል። ዛፍ ያለበት ስፍራ ቢኖርም መልኩን የሰጠው ስሱ ተክል ነው።

ስለ መግቢያው ሲነገር አንድ ሀብት ሳይታወቅ ይባክናል። ባቡር ቁልቁለትና ዳገት ስለማይወድ ወደ ድልድዩ የሚያደርሰው የአፈር ክምር አብዛኛውን ጊዜ በመቶ ሜትር ከሁለት ወይም ከሦስት ሜትር በላይ አይነሳም። ለተሽከርካሪ ወንበር ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ክምሩ ተቆፍሮ ቦታው ለሌላ ከተሰጠ ግን 6 ሜትር ከፍታ ለመውጣት፣ በ12 ሜትር አንድ ሜትር በሚነሳ መወጣጫ፣ ማረፊያዎቹ ተጨምረው ከ80 ሜትር በላይ ግንባታ ይፈለጋል። ሊፍት ደግሞ ይበላሻል። የክምሩ ባለቤትነት ከድልድዩ ጋር በአንድ ሰነድ ይተላለፍ።

የጎን መከለያው ከ1.1 ሜትር አይነስ፤ ብስክሌት ከተፈቀደ 1.4 ሜትር ይሁን። ዘንጎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ክፍተታቸውም ከ10 ሳንቲሜትር አይብለጥ፤ የተጋደመ ዘንግ ለልጅ መሰላል ነው።

ስለ መርዙም ግልጽ መሆን ይሻላል። የድሮው አንቲሩጂኔ እርሳስ አለበት። ድንኳን ሳይደረግበት በአሸዋ ግፊት ወይም በመፍጫ ከተላጠ ከሥሩ ያለው ሰፈርና ወንዝ ይበከላል። ሐዲዱ የተኛባቸውን እንጨቶች አግዳሚ ወንበር ማድረግ ፎቶው ያምራል፤ ግን እንጨት እንዳይበሰብስ በሚደረግበት ክሪዮሶት በተባለ መርዛማ ቅባት የተነከሩ ናቸው፣ ፀሐይ ሲመታቸው ያልባሉ፣ ልብስና ቆዳ ይነካሉ። ሐዲዱን ያስቀሩት፣ እንጨቱን ይተዉት። ጠጠሩም ለዓመታት ዘይትና የአረም መድኃኒት ሲወርድበት ስለኖረ ሳይመረመር ለአትክልት አይውል።

በእንግሊዝ ማንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1892 የተሠራው የካስልፊልድ የባቡር ድልድይ 330 ሜትር ነው። በ2022 መናፈሻ ሆኖ ሲከፈት የተከፈተው እንደ ጊዜያዊ ሙከራ ነበር፤ ከፊሉም ሆን ተብሎ ሳይነካ ተትቶ ነበር። ይህ አካሄድ ሊቀዳ ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ብቻ ይከፈት፣ የዝናብ ወቅት ይለፍበት፣ የወለሉ መጉበጥ በየወሩ ይለካ። ሲከፈት ደግሞ የሚከተሉት በጽሑፍ ያሉ ይሁኑ፦ በየሁለት ዓመቱ አጠቃላይ ፍተሻ፣ በየስድስት ዓመቱ ሣጥኖቹ ተነስተው ብረቱ በእጅ ርቀት የሚታይበት ዋና ፍተሻ፣ ለሁለቱም በጀት፣ ከትልቅ ዝናብ በኋላ የመውረጃዎቹን ክዳን እያነሳ ቅጠል የሚያወጣ ሰው ስምና የሥራ ሰዓት።