የተጎዳን ሰው ከማንሣታችሁ በፊት

ወገኖቻችን ሆይ፣ መኪና ሰው ሲገጭ ወይም ሠራተኛ ከፎቅ ግንባታ ላይ ሲወድቅ ቀድሞ የሚደርሰው አምቡላንስ አይደለም፤ ሐኪምም አይደለም። ሱቁን ክፍት ጥሎ የሚሮጠው ባለሱቅ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ የምትዘረጋው እናት፣ ከታክሲው ዘሎ የሚወርደው ረዳት ነው። ይህን ደግነታችሁን እናከብራለን። ከዚያ በኋላ በሚሆነው ግን እናዝናለን። አንዱ ብብቱን፣ ሌላው እግሩን ይይዛል፤ ወገቡ መሐል ላይ ይንጠለጠላል፤ ታጥፎ ባጃጅ ውስጥ ይገባል። ከጭኑ የሚወርደውን ደም በእጁ የያዘ ሰው የለም። የቀሩት ስልክ አውጥተው ይቀርጻሉ። ሆስፒታል ደርሶ ሲሞት ደግሞ "ቀኑ ደርሶ ነው" ብለን እንቀብረዋለን።

ቀኑ ሳይደርስ የሚሞተው ብዙ ነው። ይህን የምንለው ከግምት ተነሥተን አይደለም። ጆን ዌስት፣ ዶናልድ ትረንኪ እና ሮበርት ሊም የተባሉ አሜሪካውያን የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች በካሊፎርኒያ ሁለት አካባቢዎችን አወዳድረው ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ1979 አሳተሙ። በሳን ፍራንሲስኮ በመኪና አደጋ ክፉኛ የተጎዳ ሁሉ ለዚሁ ሥራ ወደተዘጋጀ አንድ ሆስፒታል ይወሰድ ነበር፤ በኦሬንጅ ካውንቲ ግን ወደሚቀርበው ማንኛውም ሆስፒታል። ሆስፒታል ከደረሱ በኋላ የሞቱ ሰዎችን ታሪክ፣ ከየአካባቢው 90 ያህል፣ አንድ በአንድ መረመሩ። በኦሬንጅ ካውንቲ ከጭንቅላት ጉዳት ውጭ በሆነ ምክንያት ከሞቱት መካከል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሊድኑ ይችሉ ነበር ብለው ፈረዱ። በሳን ፍራንሲስኮ ሊድን ይችል ነበር ያሉት አንድ ሰው ብቻ ነው። አደጋው ያው የመኪና አደጋ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ከአስፋልቱ እስከ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ባለው መንገድ ላይ የተሠራውና ያልተሠራው ነው። የዚያ መንገድ መጀመሪያ ደግሞ በአገራችን በእናንተ እጅ ነው።

ከደሙ እንጀምር። አዋቂ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም አምስት ሊትር ያህል ነው። ሦስት ሩብ ሊትር እስኪፈስ ድረስ የሚያወራ፣ "ደህና ነኝ" የሚል ሰው ልታዩ ትችላላችሁ። ሲሶውን ሲያጣ ልቡ በደቂቃ ከ120 በላይ ይመታል፣ ይገረጣል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀዋል፣ ይቅበጠበጣል፣ ይዘባርቃል። "ሰክሯል" ብላችሁ የምትተዉት ሰው ደሙ እያለቀ ያለ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሊትር ሲሞላ ሞት ደጃፉ ላይ ቆሟል። ደም ሁሉ ደግሞ መሬት ላይ አይታይም፤ የተሰበረ የጭን አጥንት ቆዳው ሳይቀደድ አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ጭኑ ውስጥ ይውጣል፤ የተሰበረ ዳሌ ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ "ደም የለውም፣ ይቀመጥና ውሃ ይጠጣ" አትበሉ። ውሃም ምግብም አትስጡት። ሆዱ ውስጥ የገባው ሁሉ ማደንዘዣ ሲሰጠው ወደ ሳንባው ሊመለስ ይችላል።

የሚታየውን ደም ግን ማቆም ትችላላችሁ። የተገኘውን ንጹሕ ጨርቅ፣ ነጠላም ሻሽም ቢሆን፣ አጥፋችሁ ቁስሉ ላይ አድርጉ፤ በሁለት መዳፋችሁ፣ ክርናችሁን ሳታጥፉ፣ በክብደታችሁ ተጫኑ። ስስ ላስቲክ ወይም ጓንት ከተገኘ መጀመሪያ እጃችሁን ሸፍኑ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ሙሉ አትልቀቁ። ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በየደቂቃው "ቆመ ወይ?" ብላችሁ ጨርቁን ገልጣችሁ ታያላችሁ፤ በገለጣችሁ ቁጥር መርጋት የጀመረው ደም ተነቅሎ ይወጣል። ጨርቁ ከራሰ ሳታነሡት ሌላ ደርቡበት። ብሽሽት፣ ብብት ወይም የትከሻ ሥር ላይ ጥልቅ ቁስል ካለ ጨርቁን በጣታችሁ ወደ ውስጥ ጠቅጥቁና ከላይ ተጫኑ። ቢላዋ ወይም ብረት ተሰክቶ ከሆነ አትንቀሉት፤ የተወጋውን የደም ሥር ደፍኖ የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል። ዙሪያውን በጨርቅ ደግፉና ሳይነቃነቅ ይሂድ። ቡና፣ አመድ፣ ጭቃ ቁስል ላይ አትነስንሱ፤ ደሙን አያቆምም፤ መንጋጋ ቆልፍና መመረቅዝ ግን ያመጣል።

እጅ ወይም እግር ላይ ያለ ቁስል በመጫን አልቆም ካለ፣ ደሙም እየተፈናጠረ ከሆነ እሰሩ። ግን አስተሳሰሩን እወቁ። ሽቦ፣ ሲባጎና የጫማ ክር ሥጋና ነርቭ ይቆርጣሉ። ማሰሪያው ሦስት ጣት ያህል ስፋት ይኑረው፤ ከቁስሉ አራት ጣት ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን ይታሰር፤ ቋጠሮው ላይ እንጨት አስገብታችሁ ደሙ ቀጥ እስኪል ጠምዝዙ፤ እንጨቱ እንዳይፈታ ጫፉን እሰሩት። ያማል፣ ይጮኻል፤ ቢሆንም አታላሉት። ላላ ብሎ የታሰረ ማሰሪያ ካልታሰረው ይከፋል፤ ወደ ልብ የሚመለሰውን የደም ሥር ብቻ ዘግቶ ከልብ የሚመጣውን ስለሚያሳልፍ ደሙ ይብስበታል። በየመሐሉም "ደም ይዙርበት" ብላችሁ አትፍቱት። የታሰረበትን ሰዓት በእስክርቢቶ ግንባሩ ላይ ጻፉ፤ ከታሰረ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ሐኪም እጅ ይድረስ። ከዚያም ጋቢ አልብሱት። በሐምሌ ብርድ ቀርቶ በቆላ ፀሐይም ቢሆን ደም ያጣ ሰው ይቀዘቅዛል፤ ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ደሙ መርጋት ይሳነዋል።

አሁን ወደ ማንሣቱ። አምቡላንስ በ907 ወይም በአዲስ አበባ በ939 ይጠራ፤ አንድ ሰው ጠቁማችሁ "አንተ ደውል" በሉት፤ ለሁሉም የተባለ ለማንም አልተባለም። እሳት ወይም የሚመጣ መኪና ከሌለ ሰውዬውን ከቦታው ለመጎተት አትቸኩሉ። ራሱን ስቶ በጀርባው ከተኛ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ፣ ደምና ትውከትም ጨምሮ ያፍነዋል፤ የታች መንጋጋውን ከሁለቱ ጆሮ ሥር ወደ ፊት ግፉት፣ የሚያንኮራፋ ከሆነም አንገቱ ሳይጠመዘዝ በአንድነት ወደ ጎኑ አዙሩት። ለዚህ አራት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ያዝዛል፤ ሌሎቹ ትከሻውን፣ ዳሌውንና እግሩን ይይዛሉ፤ ሲያዝዝ ብቻ ሁሉም እኩል ያንቀሳቅሳሉ። አገሬው በሽተኛን በቃሬዛ ሲሸከም የኖረ ሕዝብ ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ቃሬዛ ከሌለ የተነቀለ በር፣ ጣውላ፣ መሰላል ብርድ ልብስ ተነጥፎበት ያገለግላል። ተዘርግቶ ሊተኛበት የሚችል መኪና እያለ ባጃጅ ውስጥ አትጠፉት።

"ብነካው እኔ ገጨሁት እባላለሁ" የምትሉ አላችሁ። ፍርሃታችሁ ይገባናል። ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575 በራሱ ላይ አደጋ ሳይመጣበት መርዳት ሲችል በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ጥሎ የሄደውን ይቀጣል። የረዳችሁ ሳይሆን የሄዳችሁ ናችሁ በሕግ የምትጠየቁት።

አሁን በጣም ወደሚያሳዝነን ነገር እንምጣ፤ የወጌሻ ቤት። ወጌሻን ለማዋረድ አይደለም፤ ሐኪም በሌለበት አገር ስንት ዘመን ሕዝቡን ደግፈው ኖረዋል። ነገር ግን የተሰበረ እጅ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ጣቶቹ ጠቁረው፣ ሸትቶ የሚመጣ ሕፃን በሆስፒታሎቻችን አዲስ አይደለም። ከክርኑ ከፍ ብሎ የተሰበረ ልጅ ከሁሉም የባሰ ተጋላጭ ነው፤ ዋናው የደም ሥር በዚያ በኩል ያልፋልና። የሚሆነው ይህ ነው፦ የተሰበረ ቦታ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ያብጣል። ማሰሪያው አይለጠጥም። እብጠቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ተጭኖ የደም ሥሩን ይዘጋል። ጡንቻ ያለ ደም ከስድስት ሰዓት ገደማ በላይ አይቆይም፤ ከዚያ በኋላ ይሞታል። የቀረው እጁን መቁረጥ ነው። ወላጅ ደግሞ "እያጠበቀ ስለሆነ ነው የሚያመው፣ ቻለው" ይለዋል። አትበሉት! ከስብራቱ ቀን ይልቅ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹን ቀና ስታደርጉለት ከጮኸ፣ ከደነዘዘው፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከገረጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያውን እስከ ቆዳው ድረስ ፈትታችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ጥፍሩን ተጭናችሁ ልቀቁ፤ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ቀይነቱ ካልተመለሰ ደም እየደረሰው አይደለም። የልብ ትርታው ከእጅ አንጓው ላይ እስኪጠፋ አትጠብቁ፤ እሱ የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ነው። በጀሶ የታሰረም ቢሆን ሕጉ አንድ ነው።

ለጉዞ ብቻ የምታስሩ ከሆነ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉት ሁለቱም መገጣጠሚያዎች ይያዙ፤ በእንጨቱና በቆዳው መካከል ጥጥ ወይም ጨርቅ ይግባ፤ ማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት ይለፍ። ማሸት፣ መጎተት የለም። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ወጌሻ ጋር መሄድ ፈጽሞ አይገባም፤ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በቶሎ መሰጠት አለበት፤ በዘገየ ቁጥር አጥንቱ ይመረቅዛል።

ሆስፒታል ስትደርሱ ሥራችሁ አላለቀም። ሃያ ዘመድ ድንገተኛ ክፍሉን ሞልቶ ሲጮህ ነርሷ ትንፋሹን መስማት አትችልም። አንድ ሰው ብቻ አብሮት ይቆይ፤ እሱም እነዚህን ይወቅ፦ አደጋው የደረሰበትን ሰዓት፣ የማይስማማውን መድኃኒት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መውሰዱን፣ መቼ እንደበላ፣ ሴት ከሆነች እርጉዝ መሆኗን። ሰዓቱን አደራ እንላለን። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል፣ የረጋውን ደም እንዳይሟሟ የሚጠብቅ ርካሽ መድኃኒት አለ። በ40 አገሮች ከ20,000 በላይ ጉዳተኞች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ጥናት ሞትን እንደሚቀንስ ታይቷል። ግን በሦስት ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ነው፤ ከዚያ ከዘገየ እንደሚጎዳ በቀጣዩ ዓመት የወጣው ትንተና አሳየ። "ጠዋት ነው መሰለኝ" የሚል አስታማሚ ሐኪሙን እዚህ ላይ ግራ ያጋባዋል።

ከቀዶ ሕክምና በፊት ስሙን፣ የሚሠራበትን ቦታና ጎን ደጋግመው ቢጠይቋችሁ አትቆጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው 19 ነጥቦች ያሉት የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር ይህን ያዛል። በታንዛኒያዋ ኢፋካራ ያለውን ጨምሮ በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት ከ100 ሰዎች 1.5 የነበሩት ወደ 0.8 ወርደዋል። የማይጠይቃችሁ ካለ እናንተው ጠይቁ፦ "ቀኙ ነው ግራው? ደም ተዘጋጅቷል?"

ጭንቅላቱን ተመትቶ "ደህና ነው" ተብሎ ወደ ቤት የተላከም አለ። በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ደም እየተጠራቀመ ለሰዓታት የሚያወራና የሚስቅ ሰው ይኖራል። ያን ሌሊት ብቻውን አይደር፤ አረቄም የእንቅልፍ መድኃኒትም አይቅመስ። በየሁለት ሰዓቱ ቀስቅሳችሁ ስሙንና ያለበትን ቦታ ጠይቁት። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከጨመረ፣ ለመንቃት ከተቸገረ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ይዛችሁት ተመለሱ።