ቀና ብላችሁ ጣሪያችሁን እዩ

የደሴ ሰዎች፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። አትቀየሙኝ፤ ቁጣው ለራሴም ይደርሳል።

መብራት ሲጠፋ የምናደርገው አንድ ነው። እናማርራለን። ሻማ ፍለጋ መሳቢያ እናተራምሳለን። ባለሱቁ ጄኔሬተሩን አስነስቶ ሰፈሩን ያደነቁራል። በማግስቱ ፀሐይዋ ቆርቆሯችንን ስታግል ትውላለች፤ ቀና ብሎ የሚያያት ግን የለም።

ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ብቻ ነው የራቅነው። በሚያዝያና በነሐሴ ፀሐይ አናታችን ላይ ትቆማለች። ብርዳችንንም አትናቁት። የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የሶላር ፓኔል የሚወደው ብርሃን ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ጉልበቱ ይቀንሳል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መኖራችን እዚህ ላይ ጠቀመን። ኮምቦልቻዎች፣ ሙቀቱ ቢበረታባችሁም እናንተም አብሽሩ፤ በፓኔሉና በቆርቆሮው መሃል ነፋስ ማለፊያ ተዉለት እንጂ ፀሐዩስ ሞልቷችኋል።

የገዛነውስ ምን አደረግነው? እኔ የመጀመሪያ ፓኔሌን ባህር ዛፍ አጠገብ አሰቀልኩ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ቅርንጫፍ ጥጉን ታጠላበታለች። ዕቃው የማይረባ ነው ብዬ ስንት ወር ሰደብኩት። ለካ ሴሎቹ፣ ማለትም ፓኔሉ ላይ የተደረደሩት ብርሃን የሚቀበሉ ትንንሽ ክፍሎች፣ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ጥላ ሲያርፍበት ሌሎቹንም ይዞ ይቀመጣል። ወጥቼ በእርጥብ ጨርቅ ስጠርገው ደግሞ የወረደው ውሃ አተላ ይመስል ነበር። በጋውን ሙሉ አንድ ቀን አልነካሁትማ!

የመኪና ባትሪ ከሶላር ጋር የምታገናኙ፣ እባካችሁ ተዉ። እሱ የተሠራው ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ሰጥቶ ሞተር ሊያስነሳ ነው። ሌሊት ሌሊት እያሟጠጣችሁት ዕድሜ አይኖረውም።

ሂሳብም እንወቅ። ባለ 100 ዋት ፓኔል ጥሩ ፀሐይ በዋለበት ቀን 400 ዋት ሰዓት (ዋቱ በሰዓቱ ተባዝቶ) ገደማ ይሰጣል። አራት ባለ 7 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት ቢበራ 140 ዋት ሰዓት ይወስዳል። ስልክና አነስተኛ ቴሌቪዥን ጨምሩ፤ ያደርሳል። የእንጀራ ምጣድ ግን 3,500 ዋት አካባቢ ይጎትታል። አንድ ሰዓት ብትጋግሩበት የዚያን ፓኔል የሳምንት ልፋት ጠራርጎ ይበላል። በሐምሌ ጉም ሲወርድ ደግሞ ግማሹንም ላታገኙ ትችላላችሁ። "ምጣዱንም ይችላል" እያለ አንዲት ፓኔል የሚያሻሽጣችሁን ዝም ብላችሁ እለፉት።

ፓኔሉ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ይበል፤ ዝናቡም ያጥብላችኋል። ጦሳ ተራራ ሥር ያላችሁ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ነው የምትጠልቅባችሁ። ነገ 9 ሰዓት ላይ ውጡና የተራራው ጥላ ጣሪያችሁ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ እዩ። ሊገጥም የመጣው ሰውዬ ይህን ሳይጠይቅ መሰላል ካቆመ፣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።