ውዳሴ ስልክ

የከተማችን ወላጆች በልጅ አስተዳደግ ጥበብ የደረሱበትን ከፍታ አይቶ የማያደንቅ ሰው ካለ ምቀኛ ቢባል አይከፋውም። ድሮ አንዲት እናት ለሕፃን ልጇ ሁለት ጉርሻ ገንፎ ለማጉረስ ደጅ ወጥታ ወፍ ታሳይ፣ መንገደኛውን «ና ብላበት» ብላ ትጠራ፣ ዘፈን ፈጥራ ትዘፍን ነበር። ዛሬ ግን ስልኩ ከፔርሙሱ ጋር ተደግፎ ይቆማል፣ ባለብዙ ቀለሙ ቪዲዮ ይከፈታል፣ ሕፃኑም ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ማንኪያው ከንፈሩን በነካው ቁጥር አፉን ይከፍታል። ምን እንደበላ፣ ማን እንዳጎረሰው፣ ይጥገብ አይጥገብ አያውቅም፤ ሳህኑ ግን ባዶ ነው፣ ከምሳ የሚጠበቀውም ይኸው ነው። የሥርዓቱ ብቸኛ እንከን ባትሪ ነው። ስክሪኑ በድንገት ሲጨልም ሕፃኑ ገንፎውን ጉንጩ ውስጥ እንደያዘ ጥቂት ይደነግጣል፣ ከዚያም ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ጩኸት ይለቃል፤ ያን ጊዜ አባት ቻርጀር፣ አክስት ፓወር ባንክ ይዘው ሲሯሯጡ ያየ ሰው፣ የቤተሰብ መተሳሰብ ቀዝቅዟል የሚሉትን ይታዘባል።

ፍሬውም በዓይን የሚታይ ነው። የሁለት ዓመቱ ሊቅ ማስታወቂያ ሲመጣበት በጣቱ ጠቅ አድርጎ ያልፈዋል፣ ቀለማትን በእንግሊዝኛ ይዘረዝራል፣ እስከ አሥር በአሜሪካውያን ቅላፄ ይቆጥራል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንኑ እንዲያሳይ ይጠየቃል፣ ይጨበጨብለታልም። ውሃ ሲጠማው ወደ ማቀዝቀዣው እየጠቆመ ያለቅሳል እንጂ «ውሃ» ብሎ አይጠይቅም፤ ጥማት ግን እንግዳ ፊት የሚቀርብ ትርኢት ስላልሆነ ማንም አልተጨነቀበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ፊት ጨርሶ እንዳይቀመጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለውም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳያልፍ መክሯል። እኛም ምክሩን በአክብሮት ተቀብለን፣ 1 ሰዓት ማለት በየገበታው ይሆናል ብለን ተርጉመነዋል። ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 3 ሰዓት ይንቀሳቀስ የሚለውንም ቢሆን አልጣስነውም፤ የልጃችን ጣት ከጠዋት እስከ ማታ ዕረፍት የለውም።

ባለሙያዎች ደግሞ ልጅ ንግግር የሚለምደው ድምፅ በመስማት ብቻ ሳይሆን በምልልስ ነው ይላሉ፤ ሕፃኑ «ባ» ሲል አንድ ሰው ፊቱን አይቶ «ባ! በግ አየህ?» ብሎ መመለስ፣ ከዚያም ዝም ብሎ የልጁን ተራ መጠበቅ አለበት። እንዴት ያለ ድካም ነው! ስልክ ግን ጨዋ ነው፤ እሱው ይናገራል፣ እሱው ይስቃል፣ መልስ እያለ ማንንም አያስጨንቅም። ጨዋነት የሚጎድላቸው አያትየው ናቸው። «እንቆቅልህ» ይላሉ፣ «ምን አውቅልህ» እስኪባሉ ዓይን ዓይኑን እያዩ ይጠብቃሉ፣ መልሱ ሲጠፋበትም «አገር ስጠኝ» ብለው ከአራት ዓመት ልጅ ላይ ጎንደርን የሚያህል ከተማ ይወስዳሉ።

ቡና ሲፈላማ ጭቆናው የባሰ ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ ወደ ጎረቤት ተልኮ፣ በር አንኳኩቶ፣ እጅ ነስቶ፣ «እማዬ ቡና ደርሷል ኑ ትላለች» የሚለውን መልእክት ሳያዛንፍ አድርሶ፣ የተሰጠውን መልስ ሳይረሳ ይዞ መመለስ ነበረበት፤ ማስታወስን፣ ሰው ፊት መናገርን፣ አደራ መወጣትን ሁሉ በአንድ ጉዞ ያለ ደመወዝ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ጎረቤት በስልክ ይጠራል፣ ልጁም ረከቦቱ አጠገብ በሌላ ስልክ ይያዛል፤ እናትና እንግዶቿም አቦሉ እስኪቀዳ አጎንብሰው የየራሳቸውን ስለሚያዩ፣ ልጅ ወላጁን አይቶ አይማርም የሚል ሐሜት በዚህ ቤት ቦታ የለውም።

ልጁ ሦስት ዓመት አልፎት ካልተናገረ (ለንግግር መዘግየት ሌላም ምክንያት ይኖራልና ጆሮውም መታየት አለበት) ወላጆቹ በኃላፊነት ስሜት ወደ ንግግር ባለሙያ ይወስዱታል፤ ወረፋው እስኪደርስም እንዳያስቸግር ስልኩ ይሰጠዋል። ባለሙያዋ ስልኩን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች፣ ምንጣፍ ላይ ከልጁ ፊት ለፊት ትቀመጣለች፣ ኳስ ታንከባልልለታለች፣ «ኳስ» ትልና ዓይን ዓይኑን እያየች ዝም ብላ ትጠብቃለች። አያትየው ቤት ውስጥ በነጻ ሲያደርጉት ጭቅጭቅ የነበረው ሁሉ እዚህ በሰዓት ይከፈልበታል፤ አባትም በዘዴው እጅግ ተደንቆ፣ ማታ ለልጁ ሊከፍትለት ሙሉውን በስልኩ ይቀርጻል።