ስንለምን ቅርብ፣ ስንሰጥ ሩቅ

ያለፈው እሑድ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ አጥቢያ ቅዳሴ አስቀድሼ ነበር። ማስታወቂያ ሲነገር ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አንድ ልጅ ተነሣና «ናዳ ለወረደባቸው የጎፋ ዞን ወገኖቻችን ገንዘብ እናሰባስብ» አለ። ከሰበካ ጉባኤው አንድ አባት መለሱለት፦ «ጎፋ ሩቅ ነው። እዚሁ ቻይና ካምፕ ስንት ተፈናቃይ አለ። የጎፋዎቹን በጸሎት እናስባቸዋለን።» አለቀ። ቀጥሎ የተነገረው ምን ይመስላችኋል? የደወል ቤቱ ማሠሪያ ገንዘብ።

ስንወጣ ደግሞ በር ላይ «አብዛኞቹ እኮ የእኛ እምነት ተከታዮች አይደሉም» የሚል ሰማሁ። ጭቃው ማዕተብ እየፈተሸ ነው እንዴ የቀበረው? ሐምሌ 15 ጎፋ ውስጥ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ላይ ዝናብ የጠገበው ተራራ መጀመሪያ የተወሰኑ ቤቶችን ዋጠ። ጎረቤት አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ሊቆፍር ሮጠ። እየቆፈሩ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ ሊያድኑ የሄዱት ናቸው። ማንም «ጭቃው ስር ያለው የየትኛው እምነት ነው?» ብሎ አልጠየቀም።

ግን እኔን የበላኝ «ሩቅ ነው» የምትለዋ ናት።

ሩቅ የሚሆነው ስንሰጥ ብቻ ነው። ስንለምን ሩቅ የለም። ለዚያው ደወል ቤት የባንክ ሒሳብ ቁጥር አሜሪካ ድረስ ተልኳል። ዴንቨር ያለው የሰፈራችን ልጅ በቴሌግራም ተጨቅጭቆ ዶላሩን ሲልክ «አንተ ሩቅ ነህ፣ ይቅርብህ» ያለው አለ? ዣንጥላ ዘርግተን፣ ስዕለ አድኅኖ ይዘን አስፋልት ዳር ስንቆም፣ ከደሴ የመጣውንም መቀሌ የሚሄደውንም መኪና እናስቆማለን። ሾፌሩን የየት አጥቢያ ነህ አንለውም።

በ77ቱ ድርቅስ? መንዝና ይፋት ያላችሁ ሽማግሌዎች ተናገሩ። ያ ስንዴ ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው። የላከው ሰው መንዝን በካርታ ላይ እንኳ አያውቃትም። ሩቅ ነው ብሎ ቢተወው ኖሮ እኛስ ዛሬ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመን እንከራከር ነበር?

መጽሐፉም ቢሆን ያው ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 ላይ ረሃብ እንደሚመጣ ሲነገር፣ የአንጾኪያ ምእመናን እንደ አቅማቸው አዋጥተው በበርናባስና በሳውል እጅ ይሁዳ ድረስ ላኩ። ያኔ እንደ ዛሬው የጎፋ ዋና ከተማ ሳውላ በአውቶብስ እንደመሄድ አልነበረም፤ ባንክ የለ፣ ቴሌብር የለ።

የቻይና ካምፑ ነገር እውነት ነው፤ ተፈናቃይ አለ። ግን ተፈናቃዩን የምናነሣው ለሌላው ላለመስጠት ብቻ ከሆነ መሸሸጊያ አደረግነው ማለት ነው። እስቲ የሰበካው ሣጥን ባለፈው ዓመት ለካምፑ ስንት ብር አወጣ? በሚቀጥለው ማስታወቂያ ይነገረን።

ጸሎቱም ይጸለይ፣ ማን ከለከለ? ፍልሰታ ሊገባ ነው። ሱባኤ ስንይዝ ከምሳችን የተረፈውን ለማን ልንሰጠው ነው?

አሮጌ ልብስ ግን አደራ። የቁም ሣጥን ጽዳት ምጽዋት አይባልም። ከዚህ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ጎፋ ሌላ የአንድ ቀን መንገድ። የአይሱዙ ኪራዩ ከልብሱ ይበልጣል። ብር ይሰብሰብ፣ በደረሰኝ፣ እዚያው ባለው ሀገረ ስብከት በኩል ይላክ። አንድ ሰንበቴ የአንድ ወር ድግሱን ቢተው እንኳ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የደወል ቤቱ ዣንጥላ ዕቃ ቤት ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ለአንድ እሑድ ብቻ ለጎፋ ይውጣ። ነሐሴ 5 ይመቸኛል። የሚይዘው ከጠፋ እኔ እይዛለሁ፣ ዝናብም ቢሆን።